ጀርባው ነጭ ይሁን

(ቪየና ከተማ፣ ባለ ሁለት አልጋ የሆቴል ክፍል፣ ማለዳ። የባሕር ዳሯ ባለ ፎቶ ቤት እታገኝና የባሏ የአንሙት እኅት ማንያህልሻል ለሽርሽር እየተዘጋጁ ነው፤ የማንያህልሻል እናት ሰኞ ዕለት ባሕር ዳር ሞታ ተቀብራለች፤ ዘመድ ለእታገኝ ብቻ ደውሎ «መርዶውን አገሯ ገብታ እንነግራታለን፣ ሳትሰማ ቶሎ ይዘሻት ነይ» ብሏታል፤ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ እታገኝ እስካሁን ትንፍሽ አላለችም።)

ማንያህልሻል፦ አልለብሰውም አልኩሽ እኮ እታለም። ዛሬ ቬሎ አልለብስም።

እታገኝ፦ ትለብሻለሽ እንጂ። ትናንት ቤተ መንግሥቱ ጋ ስትለብሺው ነከሰሽ?

ማንያህልሻል፦ አልነከሰኝም። ዛሬ ግን ሰውነቴ እሺ አላለኝም። ፓስፖርቴን ስጪኝና እኔ አገሬ ልግባ።

እታገኝ፦ ጉድ እኮ ነው። የምንመለሰው እሑድ ነው። ዛሬ ሐይቁ፣ ነገ ዳኑብ ላይ በጀልባ፣ ቅዳሜ ደግሞ ድንበር ተሻግረን ያንን ኮረብታ ላይ ያለ ግንብ አንሥተን ማታ እንመለሳለን። ይሄን ሁሉ ጥዬ አንቺን ላሳፍር?

ማንያህልሻል፦ እኔ ብቻዬን ልሂድ ነው ያልኩት። አንቺ ቅሪ፣ ሥራሽን ሥሪ።

እታገኝ፦ በየትኛው እጄ? ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ ማን ይሸከማል? ሐይቁ ፊት ማን ይቆማል? ሰው ያልቆመበት ፎቶ ለስቱዲዮዬ የጀርባ መጋረጃ ምን ያደርግልኛል? ሙሽሪት ስቱዲዮ ገብታ መጋረጃው ፊት ስትቆም ተራራው ትከሻዋ ላይ ይሁን አናቷ ላይ የማውቀው እዚህ ሰው አቁሜ ስለካ ነው። ስንቴ ልንገርሽ?

ማንያህልሻል፦ ዛፍ አቁሚ።

እታገኝ፦ ዛፍ ቬሎ አይለብስም። አንቺንም ቢሆን ለፊትሽ ብዬ አላመጣሁሽ። የምፈልገው ጀርባሽን ነው። ከኋላ ሲያዩሽ ገና ለጋ ሙሽራ ትመስያለሽ። ዞር ስትዪ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ማንያህልሻል፦ እግዜር ይስጥልኝ።

እታገኝ፦ ምን አስኮረፈሽ? እውነቱን ነው የነገርኩሽ። ያ ባልሽም ጥሎሽ የሄደው ጀርባሽን አይቶ አይደለም።

ማንያህልሻል፦ እሱን ተይው። ሌሊቱን ሙሉ እማዬን ሳያት አደርኩ። እስቲ ደውዪልኝና ድምጿን ልስማ።

እታገኝ፦ ትናንት ደወልኩ አላልኩሽም? ደህና ናት። ግቢ ተቀምጣ ፀሐይ እየሞቀች ነበር።

ማንያህልሻል፦ በራሷ አንደበት አናገረችሽ?

እታገኝ፦ አንሙት ስልኩን ሰጣት፣ አናገረችኝ።

ማንያህልሻል፦ እማዬ? መንገድ ላይ ስታገኝሽ ወደ ማዶ የምትሻገረዋ እማዬ ስልክ ይዛ አንቺን አናገረች?

እታገኝ፦ ሰው ይለወጣል። እምዬ ተለውጣለች። እንዲያውም መረቀችን። በደህና ግቡልኝ አለች።

ማንያህልሻል፦ «እምዬ» አልሽ?

እታገኝ፦ ምን ልበል ታዲያ? የባሌ እናት አይደለች?

ማንያህልሻል፦ የባልሽ እናትማ ድሮም ነበረች። እስከ ሰኞ ድረስ ግን ስሟ «ያቺ አሮጊት» ነበር። ለመንገዳችን የቆላችውን ቆሎ እንኳ «የአሮጊቷ ቆሎ ጥርስ ይሰብራል» ብለሽ አውሮፕላን ላይ አልቀመስሽውም።

እታገኝ፦ ከአገር ሲርቁ ልብ ይራራል። ምን ይደረግ፣ እኔም ሰው ነኝ።

ማንያህልሻል፦ ስለ እኔስ ምን አለች?

እታገኝ፦ ጠየቀች እንጂ። ልጄን በረዳት ይሆን አለች። ለኔም የሱፍ ኮፍያ አምጡልኝ፣ ራሴን ብርድ ይመታኛል አለች። ከሐይቁ ስንመለስ እንገዛላታለን።

ማንያህልሻል፦ ምን ዓይነት ቀለም?

እታገኝ፦ የምኑ?

ማንያህልሻል፦ የኮፍያው። ምን ዓይነት ይሁንልኝ አለች?

እታገኝ፦ ሰማያዊ መሰለኝ ያለችው።

ማንያህልሻል፦ እማዬ ሰማያዊ አትወድም።

እታገኝ፦ እንግዲያው ቡኒ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ፖሊስ ሆንሽብኝ። አሮ... እምዬ ደህና ናት ብዬሻለሁ። ደህና የሆነን ሰው ስንት ጊዜ ደህና ነው ይባላል?

ማንያህልሻል፦ ማክሰኞ ማታ የሠራሁት ፎቶዋስ ደረሰ?

እታገኝ፦ ደርሷል። አንሙት በትልቁ አሳጥቦታል።

ማንያህልሻል፦ በፍሬም?

እታገኝ፦ በፍሬም ነዋ። ግድግዳ ላይ ሊሰቅልላት ነው።

ማንያህልሻል፦ አይታው ምን አለች?

እታገኝ፦ እሷማ አላየችውም። ድንገት ልናስደስታት ነው ብዬሽ የለ? እኛ ስንገባ ነው የምታየው። በይ አሁን ነገር አታርዝሚብኝ፣ ካርታውን ያዥ። ባቡሩ ከዋናው ጣቢያ ይነሣል፣ መንገድ ላይ አንዴ እንቀይራለን፣ ከዚያ በትንሽ ጀልባ ሐይቁን ተሻግረን ያ ሃልሽታት የሚሉት መንደር እንገባለን።

ማንያህልሻል፦ ሩቅ ነው።

እታገኝ፦ ሩቅ ነው። ለዚህ ነው ቶሎ ልበሺ የምልሽ። እንግዳ መቀበያ ያለችውን ልጅ በስልኬ አስተርጉሜ ጠይቄያታለሁ። ጠዋት ሐይቁ ላይ ጉም አለ አለችኝ፤ ጉሙ እስኪገለጥ ረፋድ ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ ጎብኚው በአውቶቡስ ተግተልትሎ ይመጣና መቆሚያ አይገኝም። እኛ ጉሙ ሲነሣና ሰዉ ሳይደርስ ያለችውን ቀዳዳ ነው የምንፈልገው።

ማንያህልሻል፦ ፀሐይዋስ በየት በኩል ናት?

እታገኝ፦ ጎሽ፣ አሁን የፎቶ ቤት ሰው ሆንሽ። ፀሐይ በግራ መሆን አለባት። የስቱዲዮዬ ትልቁ መብራት በግራ ነው። ሐይቁ በቀኝ በርቶ ሙሽሪት በግራ ከበራች ሁለት ፀሐይ ያለበት አገር ይሆናል። ያ ገበያው ማዶ ያለ ፎቶ ቤት እንደዚያ ያለ መጋረጃ ሰቅሎ አይደል መሳቂያ የሆነው?

ማንያህልሻል፦ ነጫጮቹ ወፎችስ አሉ? የኛ መጋረጃ ላይ ያሉት?

እታገኝ፦ እውነተኞቹ እዚያ ሞልተዋል አሉ። ከቁርስ ዳቦ ደብቄያለሁ። አንቺ ውኃው ዳር ሆነሽ ትበትኝላቸዋለሽ፣ ሲሰበሰቡ አነሣሻለሁ። የኛማ ወፍ አንገቱ ከተላጠ ወዲህ ጫማ ነው የሚመስለው። ባለፈው አንዷ ሙሽራ «ይሄ ጫማ ምንድነው ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው» አላለችኝም?

ማንያህልሻል፦ ነገ ደግሞ ጀልባ።

እታገኝ፦ ነገ ጀልባ። የወይን ተክሉን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ግንቡን በግራና በቀኝ እያነሣን ወንዙን ወደ ላይ እንሄዳለን። ነገ ቬሎ የለም፣ ቀሚስሽን ነው የምትለብሺ፣ ያንን ቀዩን። ለመልስ የሚሆን መጋረጃ ነው። ቅዳሜም ቀዩን።

ማንያህልሻል፦ እሑድ ስንገባ ማን ይቀበለናል?

እታገኝ፦ ኧረ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። በማለዳ ተሰብስበው ይመጣሉ።

ማንያህልሻል፦ በማለዳ? እኛ የምንገባው ማታ አይደለም እንዴ?

እታገኝ፦ በማግሥቱ ማለቴ ነው። ሰኞ ጠዋት።

ማንያህልሻል፦ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ቤቴ ምን ያደርጋል?

እታገኝ፦ ሊጠይቅሽ ነዋ። ከውጭ አገር የገባ ሰው አይጠየቅም? ነይ በይ፣ ቬሎውን ከሻንጣ አውጪውና ልበሺ። እንደ ትናንቱ ካፖርት ትደርቢበታለሽ። እዚያ ሄደሽ ሽንት ቤት ውስጥ ስትለብሺ ጫፉ በጭቃ ቢነካ የኪራይ ልብስ ነው፣ ቅዳሜ ሳምንት ሙሽራ ትጠብቀዋለች።

ማንያህልሻል፦ ትናንት ባቡር ውስጥ ካፖርቱ ሥር ነጩ ሲታይ አንዲት አሮጊት እንኳን ደስ አለሽ ብላ እጄን ጨበጠችኝ።

እታገኝ፦ ታዲያ ምን አለበት? ሌላ ማን ይልሻል?

ማንያህልሻል፦ ማንም።

እታገኝ፦ እሱን ነው የምልሽ። ደግሞ ዛሬ ትከሻሽን ፍቺው። ትናንት ትከሻሽን እንደ ሐዘንተኛ አጥፈሽ ሦስቱን ፎቶ አበላሸሽብኝ። ሙሽራ ከኋላም ብትሆን መሣቅ አለባት። ሣቂ ስልሽ ሣቂ። የምትስቅ ሴት ትከሻዋ ያስታውቃል።

ማንያህልሻል፦ እታለም፣ አንድ ነገር ልበልሽ?

እታገኝ፦ አጠር አድርገሽ።

ማንያህልሻል፦ ለምን አንቺ አትለብሺውም?

እታገኝ፦ ምኑን?

ማንያህልሻል፦ ቬሎውን። ካሜራውን እኔ ልያዝ። ዓመቱን ሙሉ የመታወቂያ ፎቶ የማነሣው እኔ አይደለሁ? ትኩረቱን አንቺ አስተካክለሽ ትሰጪኛለሽ፣ እኔ መጫን ብቻ ነው።

እታገኝ፦ ሂጂ ወዲያ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ።

ማንያህልሻል፦ ከኋላ ነው እኮ የሚታየው። ዕድሜ ከኋላ የት ይታያል? ደግሞ ለአንቺ ከፊትም ያምርብሻል። የኔ ትከሻ እንደሁ ዛሬም አይስቅልሽም፣ አውቀዋለሁ። ይሄን ሁሉ መንገድ ሄደን ሦስት ፎቶ ሳይሆን ሠላሳ ይበላሽብሻል።

እታገኝ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ሬሣ ነው የምትመስዪው ዛሬ።

ማንያህልሻል፦ አንቺ ደግሞ ቬሎ ለብሰሽ አታውቂም።

እታገኝ፦ ማን ነገረሽ?

ማንያህልሻል፦ ሠርጋችሁ ላይ ነበርኩ እኮ። ጉርድ ቀሚስና ሹራብ ለብሰሽ ማዘጋጃ ቤት ፈርማችሁ ስትወጡ ጃንጥላ የያዝኩልሽ እኔ ነኝ። ዝናብ ነበር።

እታገኝ፦ ዝናብማ ነበር። ልጅ ወልዳ የፈታች ሴት ምን ቆርጧት ነው ነጭ የምትለብሰው፣ ልጄን በነጭ ከወሰደችብኝ እኔ ከዚህ ቤት እወጣለሁ ያለችው ማን ሆነችና። አንሙትም እንደ ልማዱ እናቱን እሺ አለ። እኔ በየዓመቱ ስንቱን ሙሽራ አለብሳለሁ፣ መጋረጃዬ ፊት አቆማለሁ፣ ቀና በይ እላለሁ። ማታ ሱቁን ስዘጋ ቬሎውን ሰቅዬ አቧራውን እመታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ገላዬ ላይ አድርጌ በመስተዋት አላየሁትም፣ ታምኛለሽ?

ማንያህልሻል፦ አምናለሁ።

እታገኝ፦ እልህ ነው። ሌላ አይደለም፣ እልህ ነው ያስቀረኝ።

ማንያህልሻል፦ እንግዲያው ዛሬ ልበሺው። እውነተኛው ሐይቅ ፊት። በትልቁ አሳጥበሽ የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ስቀዪው። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል።

እታገኝ፦ እሷም ታየው ነበር... ታየዋለች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በዚያ ነው የምታልፈው።

ማንያህልሻል፦ ታየዋለች።

እታገኝ፦ አንቺ ልጅ ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ ያማረ ነገር የምትናገሪ? እስቲ አውጪው። ይበቃኝ ይሆን?

ማንያህልሻል፦ ከኋላ በማሰሪያ ነው የሚጠበቀው። ለቀጭኗም ለወፍራሟም እንዲሆን ብለሽ አይደል እንደዚህ ያሰፋሽው? እጅሽን ወደ ላይ አድርጊ።

እታገኝ፦ ቀስ፣ ፀጉሬን። ቆይ ቦርሳዬ ይሰናከላል፣ ከአልጋው ላይ አንሺው።

ማንያህልሻል፦ ቦርሳውን እኔ ልያዘው። ሙሽራ ቦርሳ አንጠልጥላ አትሄድም።

እታገኝ፦ በደንብ ያዥው። የሁለታችንም ፓስፖርት እዚያ ውስጥ ነው፣ በውስጠኛው ኪስ። ብትጥይው እዚሁ ሣር እየበላን መቅረታችን ነው።

ማንያህልሻል፦ አልጥለውም። ትንፋሽሽን ሳቢ።

እታገኝ፦ ጠበቀኝ።

ማንያህልሻል፦ ይጥበቅ። ሙሽራ ሲጠብቃት ነው የሚያምርባት ብለሽኝ አልነበር ትናንት? ቀና በይ። አሁን መስተዋቱን እዪ።

እታገኝ፦ እመቤቴን።

ማንያህልሻል፦ አየሽ?

እታገኝ፦ እኔ ነኝ ይቺ? ሊፕስቲኬን አቀብዪኝ። ቀዩን። አንገቴ ምንም አልተጨማደደም፣ አየሽው? በል እንግዲህ አንሙት፣ ያን ጊዜ እንዲህ ሆኜ ብታየኝ እናትህን እሺ ትል ነበር? ማንያ፣ አትፍቺው፣ እንዳለ ካፖርት እደርብበታለሁ። ማሰሪያው እንዳይላላ ደህና አድርገሽ ቋጥሪው።

ማንያህልሻል፦ ቋጥሬዋለሁ። ደጋግሜ ነው የቋጠርኩት። አንቺ ራስሽ እጅሽን አዙረሽ አትደርሺበትም።

እታገኝ፦ አሳምረሽልኛል። ከዚህ ወዲያ ኮፍያውን ለእናትሽ እኔ ነኝ የምገዛላት።

ማንያህልሻል፦ ስሚኝማ እታገኝ።

እታገኝ፦ ኧረ፣ እታለም ቀረች? ቬሎ ስለብስ ዕድሜዬ ወረደ ማለት ነው?

ማንያህልሻል፦ ማክሰኞ ማታ ምን ብለሽ ነበር ያዘዝሽኝ?

እታገኝ፦ መቼ? ስለምኑ?

ማንያህልሻል፦ ስለ እናቴ ፎቶ። «ያንን ስልክሽ ላይ ያለውን የመታወቂያ ፎቶዋን ጉርድ አድርጊልኝ። ነጠላዋን አስተካክዪ። ጀርባው ነጭ ይሁን። አሁኑኑ።» እንዲህ ነው ያልሽኝ።

እታገኝ፦ አዎ፣ ለስጦታ። ነገርኩሽ እኮ።

ማንያህልሻል፦ ስንት ዓመት ነው ባንኮኒሽ ላይ የቆምኩት? ለልደት ሲያዙን ጀርባው ፊኛ ነው። ለምርቃት መጽሐፍ መደርደሪያ። ለሠርግ ሐይቅ። በሕይወት ላለ ሰውማ፣ ምንም ቢያጣ፣ አበባ እናደርግለታለን። የአሮጊት ፎቶ ከመታወቂያ ላይ ተቆርጦ፣ በጥድፊያ፣ ጀርባው ነጭ የሚሆነው መቼ ነው?

እታገኝ፦ ማንያ...

ማንያህልሻል፦ አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ? እንዲህ ያለ ትእዛዝ ይዘው ሲመጡ ለምንድነው ብለሽ አትጠይቂ፣ ተራ አታስጠብቂ፣ ድንኳን ውስጥ የሚጠብቅ ሰው አለ ብለሽ። ግንባሯ ላይ ያለችውን ጠባሳ አጥፊው ስትዪኝ አጠፋሁት። እያጠፋሁት እጄ ነግሮኛል። እኔ ነኝ አይሆንም ብዬ የዋጥኩት።

እታገኝ፦ ማን ምን ብሎሽ ነው? ሕልም ነው ያየሽው።

ማንያህልሻል፦ ትናንት ማታ አንቺ ገላሽን ስትታጠቢ ወረድኩ። እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ ዋይፋዩን አስገባችልኝ። ያንን አንድ ስልክ ብቻ ነው የሚይዘው ያልሽኝን ዋይፋይ። ለአንሙት ደወልኩለት። እናቴስ አልኩት። ተኝታለች አለኝ። ቀስቅሳት አልኩት። ከዚያ አለቀሰ።

እታገኝ፦ በስልክ ነገረሽ? እንዲህ ይደረጋል? መርዶ በስልክ ይነገራል?

ማንያህልሻል፦ አይነገርም። ለዚህ ብለው ነው ለአንቺ የነገሩሽ። እኔ ደንግጬ ባዕድ አገር እንዳልወድቅ፣ ታማለች ብለሽ ደጋግፈሽ እንድታመጪኝ። አንሙት ሲነግረኝ እንዲያውም ላንቺ አዘነ። ምስኪን እታገኝ፣ ሐዘኑን ብቻዋን ይዛ አለ። አውሮፕላኑ እስከ እሑድ ሞልቷል ብላ ስታለቅስልኝ ነበር አለ።

እታገኝ፦ ሞልቶ ነበር።

ማንያህልሻል፦ ልጅቷ አየችልኝ። ማክሰኞም ቦታ ነበር። ትናንትም ነበር። ዛሬ ቀትር ላይ የሚነሣውም አለ፣ እኔ በእሱ ነኝ።

እታገኝ፦ ብነግርሽስ ምን ልትሆኚ? ቀብሩ አልፏል፣ ሰኞውኑ ነው የተቀበረች። ብትሮጪ አትደርሺበትም። ልቅሶው እንደሁ ይጠብቅሻል፣ የት ይሄዳል? እኔ ይሄን ቪዛ ስንት ጊዜ ተከልክዬ እንዳገኘሁት ታውቂያለሽ። የጥር ሠርግ ደርሷል። በቁሟ ሠርጌን አስቀረችብኝ፣ ሞታ ደግሞ ሥራዬን ታስቀርብኝ?

ማንያህልሻል፦ አሁን እውነቱ ወጣልሽ። «እምዬ» ስትዪ ልብሽ ይሰድባት ነበር።

እታገኝ፦ እኔ ላንቺም ብዬ ነው። ጥቂት ቀን አገር ትይ ብዬ ነው።

ማንያህልሻል፦ ትናንት ምን ቀን ነበር እታገኝ?

እታገኝ፦ ረቡዕ።

ማንያህልሻል፦ የእናቴ ሰልስት ነበር። አገር ምድሩ ጥቁር ለብሶ በራችን ላይ ደረቱን ሲመታ፣ አንቺ እኔን በቬሎ አሽሞንሙነሽ ቤተ መንግሥቱ አበባ መካከል አቁመሽ ሣቂ ትዪኝ ነበር። አንድ ሴት ልጇ ነኝ፣ ከእኔ ሌላ ሴት ልጅ የላትም። ትከሻሽን ፍቺው፣ እንደ ሐዘንተኛ አጥፈሽ አትቁሚ ትዪኝ ነበር።

እታገኝ፦ አላወቅሽም እኮ ያን ጊዜ። ያላወቀ ሰው ምን ይጎዳል?

ማንያህልሻል፦ አንቺ ግን ታውቂ ነበር። ኮፍያም አስመኘሻት። ራሷን ብርድ ይመታታል ብለሽ።

እታገኝ፦ እሺ፣ በቃ፣ ተሳስቻለሁ። ሰው ይሳሳታል። አሁን ይሄን ፍቺልኝና አብረን እንሂድ። እኔም አለቅሳለሁ። ከማንም በላይ አለቅሳለሁ። አንሙትም ምንም አይወቅ፣ አንቺም አትንገሪው። ማንያ? የማን ስልክ ነው የሚጮኸው?

ማንያህልሻል፦ የኔ።

እታገኝ፦ የአንቺ ስልክ አይሠራም እኮ።

ማንያህልሻል፦ ከትናንት ማታ ጀምሮ ይሠራል። አንሙት ነው። ጠዋት ሽማግሌዎቹ ድንኳን ሲገቡ፣ የእድር ሴቶችም ሲቀመጡ ደውልልኝ ብዬው ነበር። ሁላችሁንም ልይ፣ እናንተም እኛን እዩን አልኩት።

እታገኝ፦ እዩን ማለት? ቪዲዮ ነው?

ማንያህልሻል፦ ቪዲዮ ነው።

እታገኝ፦ አታንሺው። መጀመሪያ ይሄን ፍቺልኝ። እጄ አይደርስም፣ ማንያ፣ ቋጠሮውን ፍቺልኝ።

ማንያህልሻል፦ ደጋግሜ ቋጥሬዋለሁ ብዬሽ የለ?

እታገኝ፦ ካፖርቱን አቀብዪኝ እንግዲያው።

ማንያህልሻል፦ ካፖርቱን እኔ ለብሼዋለሁ። ፓስፖርቴም ኪሴ ውስጥ ነው። ያንቺ ቦርሳው ውስጥ አለልሽ፣ አልጋው ላይ።

እታገኝ፦ ሊፕስቲኬን ልጥረገው፣ አንድ ደቂቃ ብቻ። በእናትሽ። በእናትሽ ይዤሻለሁ፣ ማንያ።

ማንያህልሻል፦ እሷን አሁን አታስጨንቂያት። ሃሎ፣ አንሙቴ። አለሁ፣ በርታ ወንድም ዓለም፣ ዛሬ እነሣለሁ። እታገኝ? አለች፣ ይቺትና፤ ስልኩን ቀና አድርገህ ለሽማግሌዎቹ አዙርላቸው፣ ለእማዬ ልቅሶ ለብሳ ጨርሳለች።